የዓርቡ ውሃ

እሑድ፣ መጋቢት 15

ሥራዬ የሰው ስህተት መፈለግ ነው። ይህን ስናገር ኦዲተር የምመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የሶፍትዌር ፈታሽ ነኝ። ሌሎች ፕሮግራም ይጽፋሉ፣ እኔ እስኪበላሽ ድረስ እነካካዋለሁ፣ አልበላሽ ካለኝ «ይለፍ» ብዬ እፈርማለሁ። ወደ ጎንደር ያስኬደኝን ስህተት «ይለፍ» ያልኩት እኔው ስለነበርኩ፣ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳባት ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ጥቁር ውሃ የሚሉት ምንጭ አለ። ሰባት ቤተሰብ በአንድ ቦይ እየተቀባበሉ በበጋ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያለሙበታል። ከሁለት ዓመት በፊት በተራ ተጣልተው የአንዱ ክንድ ተሰበረ። አዲስ አበባ ያለው ትንሹ ቢሯችን የውሃ ተራ የሚይዝ ያልተማከለ መተግበሪያ የሠራላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ያልተማከለ ማለት ምን እንደሆነ ለእናቴ ያስረዳኋት በአባቴ ሥራ ነበር። አባቴ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበር። በልጅነቴ የዳባት ስልክ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ኦፕሬተር እጅ ነው፤ ሴትዮዋን ጥርሷን ያመማት ቀን አገሩ በሙሉ ዲዳ ይሆናል። የእኛ መተግበሪያ ኦፕሬተር የለውም። ሰባቱ ቤቶች ሰባት ስልክ አላቸው፤ እያንዳንዱ ስልክ ሙሉውን የተራ መዝገብ ይዟል፤ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኮቹ ሲቀራረቡ መዝገባቸውን ያስተያያሉ። ደንቡን ለመለወጥ ከሰባቱ አምስቱ በየስልካቸው መስማማት አለባቸው። «እኛ የሠራነው እንኳ ልንነካው አንችልም» እያልን ስንኩራራበት ከረምን።

ባለፈው ዓርብ በማለዳ እትዬ ጥሩ ደወሉልኝ። ከሰባቱ አንዷ ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ማሳቸው ከቦዩ መጨረሻ ጫፍ ላይ ያለ።

«ልጄ፣ ስልካችሁ ውሃዬን ለከብት እየሰጠብኝ ነው» አሉ። «ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ።»

ተራቸው ሐሙስ ነው። ዘንድሮ የመጋቢት አቦ ሐሙስ ዋለ፣ ሳምንቱ ሚካኤል እንደገና ሐሙስ፣ የሚቀጥለው ገብርኤልም ሐሙስ ሊውል ነው። በእነዚህ ቀናት በዚያ አገር ዶማ አይነካም። የእኛ ስልክ የሚያውቀው ደግሞ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበትን በዓል ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ያልነካውን ውሃ «ተሰጥቷል» ብሎ መዝግቦ ያልፋል። ድሮ በበዓል ያመለጠ ተራ በዓርብ ይካካስ ነበር። ይህን የነገረን ሰው የለም። ሥራውን ስንጀምር ስለ ዓርብ ጠይቀናቸው «ዓርብ ባለቤት የለውም» ብለውናል፤ እኛም ባለቤት ከሌለው ለከብቶቹ ኩሬ ይሁን ብለን ጻፍን።

«ስልኩን ትተው እንደ ድሮው ዓርብን ለምን አይወስዱም?» አልኳቸው።

«ተማምለናል እኮ። አቦ ደጅ ቆመን ‹መዝገቡ ያለው ይሁን› ብለናል። እኔ ለአንድ ሽንኩርት ብዬ መሐላ ላፍርስ?»

ካሁን በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ ውሃ ካላገኘ ማሳው ያበቃለታል አሉኝ። መጋቢት 20 ዓርብ ነው። እስከዚያ ደንቡን አርሜ አምስት ሰው ማስማማት ነበረብኝ፤ ያውም እቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ ከአዲስ አበባ የሚነካ ነገር ስለሌለ። ደንቡን የጻፈው ባልደረባዬ ኤርሚያስ በአንድ ቀን እርማቱን አዘጋጅቶ በኮምፒውተሬ ላይ ጫነልኝ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሁለቱ ሰላም ነው ስላሉኝ ተነሣሁ።

አውሮፕላኑ አዘዞ ሲያርፍ ረፋድ ነበር። አብሮ አደጌ ሰብለ መኪና ይዛ ጠበቀችኝ። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ አዘዞ ከተሠሩት አዲሶቹ ቤቶች በአንዱ ትኖራለች። በልጅነታችን አዘዞ ማለት ከከተማ ውጭ ነበር፤ አሁን ሚኒባሱ እየተጋፋ ይሄድበታል። ሰብለ በር ሳትከፍት ገና ያየችው እኔን ሳይሆን ቦርሳዬን ነው።

«ይሄ የጋሼ ቦርሳ አይደለም?»

ነው። አባቴ ፒንሳና ሽቦ ይይዝበት የነበረ፣ ቆዳው የጠቆረ ቦርሳ። እኔ ኮምፒውተር ይዤበታለሁ። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ለፋሽን የያዝኩት ይመስላቸዋል። ከሰዓት በኋላ አራዳ ወጥተን የድሮውን ሰፈር ዞርን። ቤታችን የፎቶ ኮፒ ሱቅ ሆኗል። በሩ ላይ አባቴ ማታ ማታ ጫማውን የሚያራግፍበት ድንጋይ ግን ከነስብራቱ አለ፤ አንዲት ልጅ ተቀምጣበት ፎቶ ኮፒ ትጠብቃለች። «እባክሽ ተነሺ፣ ልቀመጥበት» ልላት ምንም አልቀረኝም። ሰብለ እጄን ይዛ ወሰደችኝና የጾም ፍርፍር አበላችኝ። ማታ ጋቢዋን በግድ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ከመናኸሪያው ተነሥቶ ለመውጣት ሚኒባሱ ሦስት ጊዜ «ሞላ» አለ፤ ሦስቱንም ጊዜ አልሞላም። አዲስ አበባ ቢሆን እበሳጭ ነበር። እዚህ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጭብጥ ሙሉ ቆሎ መዳፌ ላይ ሲያደርጉልኝ መበሳጨቱ ቀረ።

ኮሶዬ ስንደርስ በግራ በኩል መሬቱ ቁልቁል ወርዶ የአርማጭሆ ቆላ በጭጋግ ውስጥ ታየ። አባቴ በክረምት ዕረፍት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይዞኝ ሲወጣ እዚህ ጋ ሹፌሩን ያስቆመው ነበር። ለእይታው አልነበረም፤ ከአንድ እንጨት ላይ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ለማየት ነው። እኔ ግን ለእይታው ይመስለኝ ነበርና እስከ ዛሬ ያን ቦታ የምወደው እሱ ወዶት እንደነበር አድርጌ ነው።

ዳባት ሽሮ በላሁ። ከዚያ የእግሩ መንገድ ተጀመረ። ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ፣ ቀጥሎ የቦርሳው ማንገቻ ተበጠሰ። በአንድ እጄ ቦርሳ ታቅፌ፣ ጫማዬን በፀጉር ማስያዣ አስሬ፣ እያነከስኩ ደረስኩ። እትዬ ጥሩ ከበራቸው ቆመው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣልተሽ መጣሽ?»

ገና ሳልቀመጥ ቦርሳውን ተቀበሉኝና ከግድግዳው ላይ ጠፍር አውርደው ማንገቻውን በወስፌ ሰፉት። እኔ አዲስ አበባ ይህን ቦርሳ ለማሠራት ሁለት ወር አቅጄ አልተሳካልኝም ነበር። በግማሽ ሰዓት ጨርሰው «አሁን ሸጋ ሆነ» አሉና በሶ በጠበጡልኝ።

ሲጨርሱ ማሳውን አሳዩኝ። ሃያ መደብ ነጭ ሽንኩርት ነው። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች እየደረቀ ነው፤ መሬቱ ጣቴን በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። ስክሪን ላይ አንድ መስመር የነበረ ነገር መሬት ላይ እንደዚህ ነው። እትዬ ጥሩ ምንም አልወቀሱኝም። እኔ ግን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ጠዋት ስልክ ቆጠራ ጀመርኩ። ከሰባቱ አንዱ ባለስልክ ሥራ ፍለጋ ሳንጃ ወርዷል፣ ስልኩን ይዞ። የቀሩት ስድስት ናቸው። የማክሰኞ ባለተራዋና ሁለቱ የረቡዕ ባለተራዎች እርማቱን በአጭሩ ሰምተው «ለጥሩ ከሆነ እሺ» አሉ። ከእትዬ ጥሩ ጋር አራት ሆኑ። አንድ ብቻ ቀረኝ። በየቤቱ ጠላ ወይም ድንች ቅቅል እንቢ ማለት ስለማይቻል ከቀትር በኋላ ሆዴን ተሸክሜ ነበር የምሄደው።

አምስተኛው ይሆናሉ ብዬ የሄድኩት አያ ደሴ ጋ ነው። አያ ደሴ የሰኞ ባለተራ ናቸው፣ የእትዬ ጥሩ ታላቅ ወንድም፣ ስልኩ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የውሃ አባት ነበሩ፤ ማለትም ለሃያ ዓመት ተራ የሚለዩት፣ ቦይ የሚያስጠርጉት እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ነገር ስለሆነ ፈጥነው የሚስማሙ መስሎኝ ነበር።

ስልኩን ዘርግቼ አሳየኋቸው። አዩት፣ መለሱልኝ።

«ሞክረሽዋል?»

«አዎ፣ አዲስ አበባ።»

«በምን?»

«በሰባት ስልክ። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ።»

«ሰባቱንም የያዝሽ አንቺ?»

አያ ደሴ ተነሥተው ወደ ቦዩ ራስ ወሰዱኝ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቦዩ ሲከፈት፣ ውሃው በሙሉ ከመለቀቁ በፊት፣ ጥቂት ውሃ ለቀው ገለባ ይበትኑበታል። ሰባቱም ባለቤቶች ውሃው ወደየማሳቸው በሚገባበት በር ቆመው ገለባው ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። የሚያፈስስ ቀዳዳ ካለ ገለባው እዚያ ይሰበሰባል፤ የቆመው ሰው ይጣራል፣ ይደፈናል። ጫፍ ላይ ያለው ሰው «ደረሰ» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ዋናው ውሃ አይለቀቅም።

«አንቺ ገለባ ሳትለቂ ውሃ ልቀቁ ትይኛለሽ» አሉ። «የመጀመሪያውንም ጊዜ እንዲህ አደረጋችሁ፣ እኛም የተማረ ሰው ነው ብለን ዝም አልን። አሁን እህቴ ስለሆነች ፈጥኜ ብስማማ ሰው ምን ይለኛል?»

እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር የተመለስኩት። ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ኮዱን ራሴ ሁለት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። ማታ እሳት ዳር ለእትዬ ጥሩ ሳማርር ሰምተውኝ ሲያበቁ «አያ እንዲህ ካለ ልክ ነው» አሉና ተኙ። ማሳው የሳቸው፣ የምቸኩለው እኔ።

አባቴ ትዝ አለኝ። መስመር ጠግኖ ሲጨርስ እዚያው እንጨቱ ሥር ሆኖ መደወል ይችል ነበር። ግን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ስልክ ድረስ በእግሩ ሄዶ ከዚያ ነበር የሚደውለው። እኔ በፀሐይ እየተጎተትኩ እነጫነጭበት ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ጠዋት ተሸነፍኩ። አዲሱን ደንብ በየስልኩ ላይ ለሙከራ ብቻ ጫንኩት፤ ማንንም አያስገድድም። ሰብስቤ ላስረዳቸው ስል አያ ደሴ «ሁሉም በየበሩ ይቁም» አሉ። የደብሩ መሪጌታ ከቦዩ ራስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ሳምንቱንና የሚውሉትን በዓላት ይጣራሉ፤ ባለስልኩ ሁሉ ስልኩ ያለውን ካለበት ሆኖ ይመልሳል። እኔ ቦታዬ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጫፍ ላይ ከእትዬ ጥሩ ጋር ቆምኩ።

ቢሯችን ሙከራ ስናደርግ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን፣ ሦስት ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጠን ነው፤ የምንነጋገረው በጽሑፍ ነው። እዚህ ሙከራው በተራራ ላይ በድምፅ ተደረገ። መሪጌታ ይጣራሉ፣ ከላይ አንዱ ይመልሳል፣ ከመሐል ሌላዋ ትቀበላለች። የሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታት አንድ በአንድ አለፉ፤ ትክክል ናቸው። እኔም በሆዴ «አየህ አያ ደሴ» ማለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ መሪጌታ ወደ ኋላ ተመልሰው ይህችን የያዝናትን ሳምንት ጠሩ። «ሰኞ ኪዳነ ምሕረት። ሐሙስ ገብርኤል። ዓርብ ለማን?»

«ለኔ» አሉ አያ ደሴ ከላይ።

«ለኔም፣ ከሰዓት» አለ ሌላው የሰኞ ባለተራ ምስጋናው።

እትዬ ጥሩ ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩት። «ውሃ የለም» ይላል።

ገባኝ። ሰኞ የኪዳነ ምሕረት ቀን ስለነበር የሰኞዎቹም ተራቸውን አጥተዋል። ኤርሚያስ ቀድሞ ያጣ ቀድሞ ይካስ ብሎ ጽፎታል፣ እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። በዓል ሁሉ ለየብቻው ሲመጣ ፈትኜዋለሁ፤ ሁለት በዓል በአንድ ሳምንት ሲገናኝ ግን አልፈተንኩም። ትናንት ያሰብኩት ቢሳካልኝ ኖሮ፣ ዓርብ ጠዋት በእኔ እርማት ምክንያት እትዬ ጥሩ ለአራተኛ ጊዜ ውሃ ያጡ ነበር፤ ያውም በፊርማቸው።

ወደ ላይ አያ ደሴ ጋ ወጣሁ።

«እርስዎ የውሃ አባት እያሉ ሁለት ሰው ለአንድ ዓርብ ሲጠይቅ በምን ይለዩት ነበር?» አልኳቸው።

«ማሳውን አይተን ነዋ።»

«መጀመሪያ ስንመጣ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«አልጠየቃችሁማ። ዓርብ የማን ነው አላችሁ፣ ባለቤት የለውም አልን። ለተጎዳው ነው፤ ማን እንደተጎዳ ደግሞ ሳይታይ በምን ይታወቃል?»

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ገብርኤል ስለሆነ ዶማ አልተነካም። ኮምፒውተር መንካት ሥራ ነው አይደለም የሚል ክርክር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተነሣ፤ መሪጌታ «ጽሕፈት ነው፣ ትጻፍ» ብለው ፈቱልኝ። ማኅሌቱ እየተሰማኝ፣ የሰብለን ጋቢ ተከናንቤ ወይራ ሥር ተቀምጬ ጻፍኩ። በነገራችን ላይ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ጥቂት ጽፌ አላውቅም። የጨመርኩት ትንሽ ነው፤ ያጠፋሁት ይበልጣል። ዓርብን ለማን እንደሚሰጥ ስልኩ እንዲወስን የሚያደርገውን ሁሉ አወጣሁት። አሁን ስልኩ ዓርብ ሲደርስ በበዓል ተራ ያጡትን ዘርዝሮ «ለማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ አምስት ሰው ለአንዱ ከተስማማ መዝግቦ ይይዘዋል። በቃ።

ቅዳሴ ሲወጣ ሁሉም እንደገና በየበሩ ቆሞ መሪጌታ ተጣሩ። ከባዱን ሳምንት ሁለት ጊዜ አስጠራኋቸው። ጫፍ ሆኜ የሁሉንም መልስ ሰማሁ። አያ ደሴ መጀመሪያ ስልካቸውን ነኩ፣ ከዚያ የቀሩት፤ ደንቡ ተለወጠ።

ወዲያው ስልኮቹ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁ። ዓርብ ለማን?

ሦስቱ ጎረቤቶችና እትዬ ጥሩ ራሳቸው ለጥሩ አሉ። አራት። አያ ደሴ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ በእህቴ ነገር አልገባም። የራሴን ትቻለሁ፣ ለማን እንደሚሆን ግን አልናገርም።» የቀረው ምስጋናው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ክንዱ የተሰበረው እሱ ነው፤ ከአያ ደሴ ጋር በተነሣ ጠብ፤ ያኔም ያለው «ለእህትህ ታዳላለህ» ነበር። ድንቹ እሱም ሰኞ ውሃ አላገኘም።

ምስጋናው ወደ ታች መሄድ ጀመረ። ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎን ነበር። ቤቱን አልፎ ሄደ። ከጠቡ ወዲህ ረግጦት የማያውቀውን የእትዬ ጥሩን ድንበር ተሻገረና ማሳው መሐል ቁጢጥ አለ። በዓል ስለሆነ አልቆፈረም፤ በጣቱ ብቻ ስንጥቁን ለካ። ከመደብ ወደ መደብ እየተሻገረ ረጅም ሰዓት ቆየ። ተከትዬው ወርጄ ስለነበር ፊቱን አየሁት።

«ድንች ይችላል» አለኝ ተነሥቶ። «የኔ እስከ ሰኞ ይቆያል። ሰኞ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው።» ጣቱን አራገፈ። «ይሁን፣ የኔ ያኔ ይታያል። አሳዪኝ እስቲ የት ጋ ነው የሚነካው።»

አሳየሁት። እትዬ ጥሩ ከበራቸው ሆነው ስሙን ጠሩና ግባ አሉት። ገባ። የጠጡት ጠላ ነው፣ ያወሩት ስለ ድንች ዘር ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ጎህ ሲቀድ አያ ደሴ ውሃውን ለቀቁ። እኔና እትዬ ጥሩ ጫፍ ላይ ጠበቅን። ሦስት ሳምንት የደረቀ ቦይ ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠጣው ራሱ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ። የአልጌ ሽታ ያለው ደረቅ ቦይ እያየሁ አባቴን አሰብኩ፤ የመጨረሻው ስልክ ጋ ቁጭ ብሎ መስመሩ እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ እኔ ደግሞ ጉልበቱ ላይ ተኝቼ «መቼ ነው የምንሄደው» ስለው። አሁን ቢኖር ያን ሁሉ መነጫነጭ ይቅርታ እጠይቀው ነበር። በጣም ናፈቀኝ።

ከቀትር በኋላ ነው የደረሰው። ቀድሞ የታየን ገለባ ነው፤ ቢጫ ቢጫ እያለ፣ በቀጭን ቡናማ ውሃ ላይ። አያ ደሴ ከላይ በትነውት ነበር። እትዬ ጥሩ ወደ ሽቅብ ዞረው «ደረሰ» ብለው ተጣሩ። ከመሐል አንዱ ተቀበለ፣ ከላይ ሌላው።

ዶማ ይዘው መደብ በመደብ አጠጡ። ምስጋናው መጥቶ ሳይጠየቅ ሁለተኛ ዶማ አነሣ። እኔ በፀጉር ማስያዣ በታሰረው ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቼ አፈር ከውሃው በር ላይ ማንሣት ተፈቀደልኝ፤ ሁለት ጊዜ ውሃውን ወደማይገባበት ለቀቅሁት። መሬቱ ሲጠጣ ይሰማል፤ ከስንጥቁ አየር እየወጣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አንድ መደብ ለመጥገብ ከገመትነው እጥፍ ጊዜ ወሰደ።

አሥረኛው መደብ ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃረበች። በደንባቸው ፀሐይ ስትጠልቅ የተራው ውሃ ይዘጋል፤ የቅዳሜና የእሑዱ ለከብቶቹ ኩሬ ነው። አያ ደሴ ቦዩን ተከትለው ወረዱ። በእህታቸው የውሃ በር ላይ ቆሙ። አሥር መደብ ረጥቧል፣ አሥር መደብ ደርቋል። የቆሙትን ሁሉ አዩ፤ ምስጋናውን ሲያዩ ጥቂት ቆዩ። ምስጋናው ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። አንድ ሰው «ትንሽ ይቆይ» ቢል የሚከለክል አልነበረም፤ እኔ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ዝጋው፣ አያ» አሉ እትዬ ጥሩ።

አያ ደሴ ጎንበስ ብለው አፈሩን መለሱ። ውሃው ወደ ኩሬው ዞረ። እትዬ ጥሩ ዶማቸውን በደረቁት መደቦች ዳር ተክለው እጃቸውን ተለቃለቁና «ነይ፣ እራት አለ» አሉኝ። እኔ ጨለማ እስኪሆን አልጠበቅሁም፤ እዚያው አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ ያለቀስኩት ከድካም መስሏቸው እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ። እግሬን ያጠበኝ ሰው ከእናቴ በኋላ እሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ማርያም ነበረች። ከዳባት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድኩ፣ ኮሶዬ ላይ ሹፌሩን «አቁምልኝ» ማለት አፍሬ በመስኮት ብቻ አየሁ። ሰብለ ጋቢዋን አልቀበልም አለችኝ። አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ወንበሬ ላይ ነው፤ የቦርሳው ማንገቻም በጠፍር እንደተሰፋ አለ፣ ፋሽን ነው የሚሉት አሁንም አልቀሩም።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ኤርሚያስ ከስክሪኑ ላይ ቀና አለ።

«ተስተካከለ?»

«ግማሹ» አልኩት።